ዘጠኙ ሰከንድ

አምስተኛው ፎቅ ላይ፣ የማተሚያ ቤቱ በር አጠገብ፣ ልጅቷ ግራ እጇን የደረጃው ብረት ላይ አሳርፋ ቆማለች። በቀኝ እጇ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ፈርማ የወሰደችውን የሩጫ ሰዓት ይዛለች። ታች መግቢያው ጋ ያለው የአባቷ የሥራ ጓደኛ ቀጮ ብረቱን በመጋዘኑ ቁልፍ ሲመታው ንዝረቱ አምስት ፎቅ ወጥቶ መዳፏ ውስጥ ገባ። ሰዓቱን ተጫነችው። አባቷ ሁለት ካርቶን ወረቀት ትከሻው ላይ አድርጎ መውጣት ጀመረ ማለት ነው።

ሙከራው ቀላል ነበር። መምህሩ ለሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች፣ «አንድ ሰው ምረጡ፤ ክብደቱን መዝኑ፤ የሚወጣውን ደረጃ ለኩ፤ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ያዙ» ብሏቸዋል። ኪሎው በምድር ስበት፣ በአሥር፣ ከዚያም በከፍታው ሲባዛ ሰውየው የሠራው ሥራ ይገኛል፤ ሥራው ለሰከንዱ ሲካፈል ደግሞ አቅሙ፣ በዋት። በሦስት የተለያዩ ሳምንታት ሦስት ጊዜ። በእስክሪብቶ ይጻፋል፣ ምንም አይፋቅም፤ የተሳሳተ ቁጥር ካለ አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበትና ምክንያቱ ጎኑ ላይ ይሰፍራል።

ሌሎቹ ተማሪዎች ኳስ ተጫዋች ጓደኞቻቸውን መረጡ። እሷ የመረጠችው አባቷን ነው። ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ የማተሚያ ቤቱን ወረቀት ቀኑን ሙሉ በደረጃ የሚያወጣው እሱና ጓደኞቹ ናቸው፤ እሷ ብትለካውም ባትለካውም ይወጣዋል። ደግሞም የማታውቀውን ሰው «እባክህ ልለካህ» ብሎ መጠየቅ ለእሷ አምስቱን ፎቅ ካርቶን ተሸክሞ ከመውጣት ይከብዳታል።

በማተሚያ ቤቱ የወረቀት ሚዛን ላይ አባቷ ስልሳ ሁለት ኪሎ ሆነ። ሁለቱ ካርቶኖች ሃያ አምስት። የዚያን ዕለት ጫኝ አውራጆቹ ሁሉ በየተራ ሚዛኑ ላይ እየወጡ ተሳሳቁ፤ በተለይ አዲሱ ጎረምሳ ሃምሳ ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ «ይሄንንማ ከወረቀቱ ጋር አብረን እንጫነው» ብለው ቀለዱበት። ደረጃው ዘጠና ነው፤ እያንዳንዱ አሥራ ሰባት ሳንቲ ሜትር።

አሁን የአባቷ እርምጃ በብረቱ በኩል እየመጣ ነው። አንደኛው ፎቅ። ሁለተኛው። የእርምጃው ምት እንደ ግድግዳ ሰዓት የተስተካከለ ነበር። ደረጃው በሁለት ግድግዳ መካከል እየታጠፈ ስለሚወጣ ከላይም ከታችም ሰው አይታይም፤ የሚመጣው ድምፅና ንዝረት ብቻ ነው። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ብረቱ ዝም አለ።

ልጅቷ ሰዓቱን አየች፣ ብረቱን ጨበጥ አደረገች። ምንም የለም። ዘጠኝ ሰከንድ ሙሉ ምንም አልነበረም። ከዚያ እርምጃው እንደገና ተነሣ፤ ከቅድሙ ፈጠን ብሎ።

አባቷ ብቅ ሲል ላብ አጥምቆታል፤ ግን ፈገግ ብሏል። ካርቶኖቹን በሩ ጋ አወረደና በትከሻው ጨርቅ ፊቱን ጠረገ።

«ስንት ሆነ የኔ መምህርት?»

«ስልሳ አንድ ሰከንድ።»

«ጥሩ ነው መጥፎ?»

«ገና አስልቼ ነው የምነግርህ አባዬ።»

ለምን እንደቆመ አልጠየቀችውም። አባትን «ለምን ቆምክ» ብሎ መጠየቅ ሱሪህ ከኋላ ተቀዷል እንደማለት ሆኖ ተሰማት። ደብተሯ ላይ ስልሳ አንድን ጻፈች፤ ከጎኑ ርዕስ የሌለው ዓምድ አሰመረችና ዘጠኝን አሰፈረችበት።

ቤተ ሙከራ ውስጥ አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ ደብተሩን ስታየው ሳቀች።

«ይሄ ዘጠኝ ምንድን ነው?»

«የቆመበት።»

«ቆሞ ምን ሥራ ሠራ? ምንም። ቀንሺዋ። የጫማው ክር ተፈትቶ ይሆናል፣ ስልኩ ጠርቶ ይሆናል። ውጤትሽን ታበላሽብሻለች።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አነሣች። ዘጠኝ ላይ አንድ መስመር አሰመረች፤ ጎኑ ላይ «የመቁጠር ስህተት» ብላ ጻፈች። ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ቀረ። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ዋት።

ማታ እራት ላይ ቁጥሩን ስትነግረው አባቷ ጉርሻውን አቆመ።

«ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። አምፖል ስንት ያበራል?»

«ባለ ስልሳውን ከሆነ አራት። ትንሽም ይተርፋል።»

«የተረፈው ለእናትሽ ሬዲዮ ይሁን።»

እናቷ ውኃ እየቀዳች፣ «እሺ ባለ አራት አምፖሉ፤ በል ሳይቀዘቅዝ ብላ» አለችው። አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። ልጅቷ እንዲያ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች፤ አብራው ሳቀች፣ ዓይኗ ግን ሳህኗ ላይ ነበር።

በማግስቱ ሕንፃው ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ቀጮ፣ ጫኝ አውራጆቹ የሚያርፉበት ክፍል ግድግዳ ላይ በጠመኔ ትልቅ አድርጎ 256 ብሎ ጻፈው። አባቷን ድሮውንም «ጋሽ ክሬን» ነበር የሚሉት፤ አሁን ክሬኑ ቁጥር ወጣለት። የማተሚያ ቤቱ ጸሐፊ እንኳ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ «ጋሽ ክሬንን ጥሩልን፣ እንሰካዋለን» ማለት ጀመረች።

በሁለተኛው ሳምንት ያው ጭነት፣ ያው ደረጃ። ስልሳ ስድስት ሰከንድ ሆነ። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ብረቱ ዝም ያለው ለአሥራ ሁለት ሰከንድ ነው። በዚህኛው ጊዜ አልቀነሰችም፤ አንዴ ስህተት ያሉትን ነገር ሁለተኛ ስህተት ማለት ከበዳት። ሁለት መቶ ሁለት ዋት ወጣ። የመጀመሪያውን ግን አልነካችውም፤ አንዴ ግድግዳ ላይ ተጽፏል።

አባቷ እዚያው በሩ ጋ ቆሞ ሰማት። ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ።

«በአንድ ሳምንት?» አለ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን አየው፤ ተውሶት እንደተበላሸበት ዕቃ።

ልጅቷ «የመጀመሪያው እኮ» ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም። የመጀመሪያው ቁጥር ውስጥ ዘጠኝ ሰከንድ ጎድሏል ለማለት፣ ዘጠኙን ሰከንድ የት እንዳሳለፈ እንደምታውቅ መናገር ነበረባት። እሱ ደግሞ ያን ቦታ የመረጠው ማንም እንዳያይ ነው። ጭነት ይዞ ሰው ፊት ማረፍ በጫኝ አውራጆቹ ዘንድ ነውር ነው፤ የቆመ ሰው ወሬው የሕንፃው ኃላፊ ጆሮ ይደርሳል፣ ከዚያ በር ጠባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋል ይከተላል። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ አድጋለች።

ስለዚህ ደብተሯን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሦስተኛውን ሙከራ ልትሠራ የሄደች ቀን ቀጮ መግቢያው ላይ ጠብቆ ያዛት። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው፤ ሲያወራ ቁልፎቹን ያንቀጫቅጫል።

«ስሚ እቱ፣ አባትሽን ምን አስነካሽው? ምሳ ሰዓት ሁላችንም ስንጋደም እሱ ባዶውን ደረጃ ይሮጣል።»

«ይሮጣል?»

«ይሮጣል። በዚህ ዕድሜው። ቁጥሩን አስመልሳለሁ እያለ ነው።»

በሦስተኛው ሙከራ ሃምሳ ስምንት ሰከንድ ገባ። ከዚያ ውስጥ አሥራ አራቱ ዝምታ ነበር። ልጅቷ በልቧ ቀነሰችው፤ የሄደበት አርባ አራት ሰከንድ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ደረጃ ተሸክሞ በሩጫ ነው የወጣው፤ ለመቆሚያው የሚሆን ጊዜ ለማትረፍ። ብቅ ሲል ፊቱ አመድ መስሏል፣ የከንፈሩ ዳር ነጥቷል። ፈገግ ለማለት ሞክሮ እስትንፋሱ አልበቃውም።

«ስንት?»

«ሁለት መቶ ሠላሳ ገደማ። አባዬ፣ ቁጭ በል።»

«ገና ነው» አለ፤ በሩን ተደግፎ። «ዓርብ ከጎረምሳው ጋር እንወጣለን፤ ተወራርደናል። አንቺ ትይዢልናለሽ።»

«ሦስቱ ሙከራ እኮ አለቀ።»

«ለትምህርትሽ አለቀ። ይሄኛው ለእኔ ነው።»

ሐሙስ ዕለት መምህሩ ደብተሮቹን መለሰ። ልጅቷ የራሷን ስትገልጠው፣ በመጀመሪያው ሙከራ ገጽ፣ «የመቁጠር ስህተት» ካለችው ጎን በቀይ አንዲት መስመር ተጽፋለች፦ «ለዘጠኝ ሰከንድ ሰውየው የት ነበር?»

ደጋግማ አነበበችው። አጠገቧ ጓደኛዋ ስለ ነጥብ የምታወራው አይሰማትም ነበር። ሰውየው የት ነበር። መምህሩ፣ ሰውየው አባቷ እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

ማታ አባቷ ቀድሞ ወደ መኝታ ሲገባ እናቷ ሳህን እያጠበች፣ «ትራስ በትራስ ላይ ይደርባል እኮ ሰሞኑን» አለች፤ «ጠፍጣፋው ላይ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ ይላል። እንደ ሹም ተደግፎ ነው የሚያድረው።» እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ልጅቷ ማድረቂያውን ጨርቅ ይዛ ቀረች። ወደ መኝታ ክፍሉ በር ሄደች። አባቷ እንዳለችው ተደግፎ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ነገ ብትቀርስ?»

«ምነው?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ ብሎ ነገር አለ? ልጁ ምን ይላል? ፈራ ይበል?» ፈገግ አለላት። «አይዞሽ። ልምምድ ላይ ነኝ።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ራሷን ጠላች።

ዓርብ በምሳ ሰዓት መግቢያው በሰው ሞላ። ጫኝ አውራጆቹ፣ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች፣ የሕንፃው ኃላፊ ሳይቀር ሻይ ይዞ ወጥቷል። ጎረምሳው ቀድሞ ወጣ። ልጅቷ ላይ ሆና ያዘችለት፤ ብረቱ አንዴም ዝም ሳይል ሃምሳ አምስት ሰከንድ። ልጁ ካርቶኖቹን አስቀምጦ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እየሳቀ ቆመ።

«ጋሽ ክሬን አለቀለት» አለ። ክፋት የለበትም፤ የልጅ ነገር ነው።

ታች ቀጮ ለአባቷ ጭነቱን እያሸከመው መሆኑ ተሰማ። ሰዎች ያፏጫሉ። ልጅቷ ግራ እጇን ብረቱ ላይ ልታደርግ ዘረጋችና መለሰችው። እዚህ ቆማ ዝምታውን ልትቆጥር ነው። ምናልባት ሃያ። ምናልባትም ብረቱ ዝም ብሎ ይቀራል፤ እሷም ከላይ ሰዓት ይዛ ስትጠብቅ ትገኛለች።

ሰዓቱን ለጎረምሳው አቀበለችው።

«ያዝልኝ። ብረቱ ሲመታ ተጫነው።»

«አንቺስ?»

እየሮጠች ወረደች።

ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ጠባብ ነው፤ አንዲት አቧራ የጠጣች መስኮትና ባዶ ግድግዳ። ልጅቷ ከሦስት ሳምንት በፊት ደረጃውን ስትለካ በዚህ አልፋለች፤ ያኔ ዓይኗ ወለሉ ላይ ነበር። አሁን ግድግዳውን አየችው። ከትከሻ ዝቅ ብሎ፣ ነጩ ቀለም ላይ፣ የመዳፍ ያህል ቦታ ጠቁሯል። ጣቶቹ ሳይቀሩ ይለያሉ። ላብና አቧራ ተደራርበው ቀለሙን አልፈው ገብተዋል። እጇን ልትጭንበት አስጠጋችና ተወችው። ይህ የሦስት ሳምንት ሥራ አልነበረም።

ብረቱ ተመታ።

እርምጃው መጣ፤ ፈጣን፣ ከባድ። አንደኛ ፎቅ። ሁለተኛ። ከእርምጃው ጋር አሁን እስትንፋሱም ይሰማታል፤ እንደሚቀደድ ጨርቅ። ከዚያ አባቷ በመታጠፊያው ብቅ አለ፣ አንገቱ በካርቶኑ ክብደት ወደ አንድ ጎን ተጣሞ። ሲያያት ዓይኑ ፈጠጠ። እጁ ግን የለመደውን ነው ያደረገው፤ ተዘርግቶ ጥቁሩን ቦታ ልክ ልኩን ያዘ።

«ምን... ሰዓቱስ?»

«ላይ ነው። አውርደው አባዬ።»

«ዞር በይ።»

«ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት የሚባል ነገር የለም» አለች። «እዚህ የቆምክባትን ዘጠኝ ሰከንድ ቀንሼ ነው ያገኘሁት። ሳልቀንስ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ነበር። የሌለህን ቁጥር ነው የሰጠሁህ። ስታሳድደው የከረምከው የኔን ስህተት ነው።»

አባቷ አፉን ከፍቶ አየር ይስባል። ላብ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«ትሰሚ ነበር?»

«በብረቱ።»

«ዘጠኝ ነበር?»

«መጀመሪያ ዘጠኝ። ከዚያ አሥራ ሁለት። ከዚያ አሥራ አራት።»

አባቷ አንድ ጉልበቱን አጠፈና ካርቶኖቹን ደረጃው ላይ አወረዳቸው። አባቷ ከተቀባዩ በር በፊት ጭነት ሲያወርድ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጠና መዳፉን ደረቱ መሐል አሳረፈ።

«እዚህ ጋ ነው። እንደ ቡጢ ይጨብጠኛል፣ ከዚያ ይለቀኛል።»

«መቼ ጀመረህ?»

«ሊፍቱ የቆመ ሰሞን።» ቀና ብሎ አያት። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

ከላይ የጎረምሳው ድምፅ ወረደ፤ «ጋሽ ክሬን፣ ተኛህ እንዴ?» ከታች ቀጮ፣ «ምን ተፈጠረ? ሰዓቱን ይዘሻል?» አለ። ሌሎች ሳቁ። አባቷ ለመነሣት እጁን ግድግዳው ላይ አደረገ።

ልጅቷ በሕይወቷ ጮክ ብላ ሰው ተጣርታ አታውቅም። ክፍል ውስጥ እንኳ «አቤት» ስትል መምህሩ ሁለቴ ነው ስሟን የሚደግመው። ብረቱን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ታች ጎንበስ አለች።

«ቆሟል» አለች። ድምፅዋ ግድግዳ ለግድግዳ እየተጋጨ ወረደ። «የኔ ስህተት ነው። ልኬቱ ተበላሽቷል። ውድድር የለም።»

ቀጥሎ ቅሬታ፣ ፉጨት፣ የሚበተን ሰው ኮቴ። የሕንፃው ኃላፊ «ድሮም ሴት ልጅ ሰዓት ይዛ...» የሚል ነገር ተናገረ፤ የቀረው አልተሰማም። ይበል። አባቷ ከተቀመጠበት ሳይነሣ አያት፤ የሚያውቃትን ልጅ ከሌላ ሰው ጋር እንደሚያስተያይ።

ቀጮ እያለከለከ ወጣ። መታጠፊያው ላይ ቆሞ ካርቶኑን፣ ሰውየውን፣ ልጅቷን፣ ከዚያም ግድግዳውን አየ። ጎንበስ ብሎ አንዱን ካርቶን አነሣ።

«ሌላውን ጎረምሳው ይውሰደው፤ ጉልበቱ ተርፎታል» አለ። ሁለት ደረጃ ወጥቶ ዞር አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ሁለተኛው ላይ ነው የምቆመው። ከመስኮቱ ሥር። አንተ ቢያንስ አንድ ፎቅ ትበልጠኛለህ።»

አባቷ ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየለት ድምፅ አሰማ።

ቅዳሜ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዱ። እናቷም አብራ መጣች፤ ልጅቷ ነግራታለች። እናትየው መንገዱን ሙሉ የባሏን ክንድ ይዛ ነበር፣ ጠበቅ አድርጋ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ካርዱ ላይ እየጻፈ ጠየቀ።

«የሚያመዎት ምን ሲሠሩ ነው?»

«አልፎ አልፎ ነው» አለ አባቷ። «ትንሽ ትንሽ። ይህን ያህልም አይደለም።»

ሐኪሙ እንደሰማው ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሣ። ልጅቷ ከቦርሳዋ ደብተሩን አወጣች፣ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። አንገቷን ደፍታ ነበር፣ ጣቷ ግን ዓምዱ ላይ ነው። ቀን፣ ጭነት፣ ከፍታ፣ ጠቅላላ ሰከንድ፣ የቆመበት ሰከንድ።

ሐኪሙ አነበበው። እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ይሄ የተሰረዘው ዘጠኝስ?»

«እሱም ትክክል ነው» አለች።

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ካርዱ ላይ ገለበጣቸው። ከዚያ የልብ ምርመራ የሚታዘዝበትን ወረቀት ጻፈ። ውጤቱ ታይቶ እስኪታወቅ ምንም ሸክም የለም አለ፤ አንድ ካርቶንም ቢሆን። አባቷ ወለሉን አየ። ስለ በር ጠባቂው ወንበር እያሰበ እንደሆነ ልጅቷ ገባት። ሐኪሙ «ይድናል» አላለም፤ «አይድንም»ም አላለም።

የምርመራው ክፍል በር ፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እናቷ ወረቀቱን ልታስመዘግብ ሄደች። አባቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ጎረምሳው ስንት ሆነ?»

«ሃምሳ አምስት ሰከንድ።»

«እሱን አይደለም። በዋት።»

ደብተሩን ጭኗ ላይ ገለጠች። የልጁን ክብደት ታስታውሳለች፤ ሃምሳ ኪሎ፣ ከጭነቱ ጋር ሰባ አምስት። አባዛች፣ አካፈለች።

«ሁለት መቶ ዘጠኝ ገደማ።»

«የእኔ እውነተኛው ስንት ነበር አልሽኝ?»

«ሁለት መቶ አሥራ ስምንት። ከነዘጠኙ ሰከንድ።»

አባቷ ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ እያየ ጥቂት አሰበበት። «ለቀጮ ንገሪው» አለ። «በጠመኔ ይጻፈው።»

በሩ ተከፈተና ነርሷ ጠራችው። አባቷ ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ፤ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ኮሪደሩ በሰው የተሞላ ነው፤ ሁሉም ያየዋል። ልጅቷ ሳታስበው በልቧ መቁጠር ጀመረች፤ ጣቶቿ አግዳሚው ጠርዝ ላይ ነጥተዋል።

አባቷ ሳይዞር ጠየቃት።

«ስንት ደረስሽ?»

«አራት።»

«ቀጥዪ» አለ። «መጣሁ።»